የእሸቴ ለቅሶ

እሸቴ ከጠፋ ወዲህ በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ የፋንታዬን እናት ቦልቴን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ያላቸው ጎረቤት የለም። ይህ ነገር ፋንታዬን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያንገበግባት ኖሯል። እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ፣ ሳይፈቀድላት ብድግ አለች።

«ለወንድሜ ለእሸቴ ድንኳን ይተከልልኝ።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረአማኑኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «እህቴ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ። ሬሳ ሳይኖር ጥሩምባ አይነፋም።»

«ሬሳውን ደርግ ነው የወሰደው። ሄደው ይቀበሉት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። በ1970 ወታደሮች እሸቴን ከክፍል ሲያስወጡት እሳቸው አብረውት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ቅዳሜ ይተከል» አሉ ቀስ ብለው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከጓደኛቸው ከየማርያምወርቅ ጋር ተቀምጠዋል። የሁለቱም ልጆች በአንድ ሳምንት ነው የጠፉት። ልጆቻችን የት እንደተቀበሩ ይነገረን እያሉ በየዓመቱ ማመልከቻ ያስገባሉ። ሲጀምሩ አሥራ አንድ እናቶች ነበሩ፤ አሁን የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው። ዘንድሮ አንድ ኃላፊ «ሁለት ሰው እኮ ናችሁ፣ እማማ» ብሎ መልሷቸዋል።

«ለቅሶ አልቀመጥም» አሉ ቦልቴ። «ካለቀስን ጉዳዩ አለቀ ይሉናል።»

«ይለቀሳል። ጉዳዩም አይዘጋም።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ አይዘጋም።»

የማርያምወርቅ ሳቅ አመለጣቸው። «ቦልቴ፣ ለቅሶውን ብትቀመጪ ይሻልሻል። ይቺ ልጅ እንደሆነ አትለቅሽም።»

ቅዳሜ ዘመድ ከጉኑኖ መጣ፣ ከቤሌም መጣ። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ሰው እየተሰለፈ አጽናናቸው። ከቀትር በኋላ ቦልቴ ፊታቸው ፈካ፤ የተቀቀለ ጎደሬ አስመጥተው በሉ፣ እሸቴ በልጅነቱ ያጠፋውን እያወሩ አሳቁ። ፋንታዬ እናቷን እንዲህ አይታቸው አታውቅም።

ከዚያ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠ። ከለቅሶ የቀረ አባል ስለሚቀጣ፣ ስሙን ሳያስመዘግብ የሚሄድ የለም። ፋንታዬ መቶ ሃምሳ ሰው የሚሆነውን ሰልፍ ቆማ አየችው። ወደ ቤት ገባችና የእናቶቹን ማመልከቻ አምጥታ መዝገቡ አጠገብ አኖረችው።

«ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ እዚህም ይፈርማል» አለች።

«ይሄ ደግሞ የትኛው ደንብ ላይ ነው ያለው?» አሉ ጋሽ ገብረአማኑኤል ከሰልፉ ፊት ሆነው።

ፋንታዬ እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።