ትንሹ ምድጃ

ሐሙስ ጠዋት ኮራል እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። የዶሮዎቹ ውሃ ላይ የጋገረውን በረዶ በመዶሻ ሰባበረች፣ እህል በተነችላቸው፣ አንድ እንቁላል ቀቅላ ቆማ በላች። ከሁዮን ወንዝ የተነሳው ጉም ገና አጥሩን አልለቀቀም። ባሏ ሜርቪን ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ቀብሩ ሰኞ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ምድጃ ተካዩ ሮሃን መጣ። ቀጠሮውን የያዘው ከሜርቪን ጋር ነበር። ጎረቤቶች ሳሎን ውስጥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሻይ ሲጠጡ ሲያይ ነገሩ ገባውና ሌላ ቀን ልመለስ አለ። ኮራል አሮጌው ምድጃ ከተሰነጠቀ ወር እንዳለፈው ነግራ አስገባችው። የመጡት ሁሉ ሾርባ ይዘዋል፤ ድስቱ እንዲመለስላቸው ስማቸውን ከሥሩ ለጥፈዋል።

ሮሃን ካርቶኑን ከአዲሱ ምድጃ ላይ ሲያነሳ የሜርቪን እህት ቤሪል ኩባያዋን አስቀመጠች። ምድጃው ትንሽ ነው፤ ጥቁር ብረት፣ በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል መስተዋት።

"ይሄ አይደለም" አለች። "ወንድሜ የወደደው በሩ ሙሉ መስተዋት የሆነውን ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ስንቴ አወራልኝ።"

ከአምስት ሳምንት በፊት ነበር፣ ሆባርት ከተማ፣ ምድጃ ሱቅ ውስጥ። ሐኪሙ ሜርቪን መጪውን በጋ አያየውም ካላቸው ሳምንት አልሞላም። ሜርቪን ሱቁ ውስጥ ከሚነዱት ምድጃዎች በሩ ሙሉ መስተዋት ከሆነው ከትልቁ ፊት ወንበር ሳበና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አርባ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሠራ ሰው፣ ለገና ምን ይገዛልህ ሲባል ካልሲ የሚል፣ ነበልባሉ ግንዱን እየላሰ ሲወጣ አፉን ከፍቶ ያያል።

"ኮራል፣ ይሄ ቢሆን ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ አየው ነበር" አላት።

"እሳት ለሙቀት ነው" አለች፣ ሻጩ እየሰማ። "ማየት ካማረህ ቴሌቪዥን አለልህ።"

ሻጩ ሳቀ። ሜርቪንም አብሮ ሳቀ። እሷ የምታሰላው ትልቁ በክረምት ምን ያህል እንጨት እንደሚበላና ያን እንጨት ከጓሮ ማን እንደሚያመላልስ ነበር። የምታሰላው እሱ የማይኖርባቸውን ክረምቶች ነበር። ይህን አላለችውም። እሱ ግን ባርኔጣውን አድርጎ ተነሳና ቀስ ብሎ፣ "ልክ ነሽ፤ ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ" አላት።

"ጣሪያው ለጭስ ማውጫው ሳይበሳ ለውጪው" ትላለች ቤሪል አሁን። ሮሃንም ትልቁ መጋዘን ውስጥ እንዳለ፣ ከሰዓት በኋላ ሊያመጣው እንደሚችል፣ ጣሪያው ለትንሹ ከተበሳ ግን እንደማይሆን አስረዳ። ጎረቤቶቹ ሜርቪን ደስ ይለው ነበር አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኮራል ዞሩ። እሺ ብትል ቤሪል ታቅፋታለች፤ ሰኞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚወራውም ባሏን እንዴት ትወደው እንደነበር ይሆናል።

"መለወጥ ያኔ ነበር" አለች ኮራል። "አሁን ብለውጠው የሚያየው ማነው? እናንተ ናችሁ። ይሄው ይተከል።"

"በልክሽ ነው የመረጥሽው" አለች ቤሪል።

ሮሃን መጋዙን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

ቀትር ላይ የመጀመሪያው እሳት ተለኮሰ። አዲስ ምድጃ መጀመሪያ ሲነድ ቀለሙ ይቃጠላል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። መስኮቱ ተከፈተ፣ ሰዎቹ ኩባያቸውን እንደያዙ ወደ ግቢ ወጡ። ኮራል ብቻዋን ቀረች። ቆማ ስታየው ደብዘዝ ያለ ቅላት እንጂ ሌላ አይታይም። ተንበረከከች። ያኔ ነበልባሉ ሙሉውን ታየ፤ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ጫፉ ቢጫ፣ ግንዱን ሳይቸኩል እየዞረው። ያምራል። ሱቁ ውስጥም ያምር ነበር፤ አይታው ነበር።

ጥቂት ቆየችና በጉልበቷ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፣ ከመስተዋቱ ፊት የአንድ ሰው ቦታ እስኪተርፍ።

ክፍሉ ሞቀ። ሶፋው ላይ ጋደም ያለ ሰው አልነበረም።