ለዓይን የተፈጨችው የድንጋይ ወፍ

ሹሃን አልጋዋን ገልብጣ፣ ሻንጣዋን ዘርግፋ ጨረሰች። አሁን ደግሞ የኔን የሩዝ ጆንያ እየበረበረች ነው። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ያልቆሸሸ ድስት እፈትጋለሁ። ምነው ጠዋት እጄን በቆረጠው!

ሹሃን ከከተማ መጥታ እኛ ቤት የተከራየች ተማሪ ናት። ከመንደራችን በላይ ያለውን ገደል ስትቆፍር ሦስት ዓመቷ ነው። የምትለቅመው በድሮው ባሕር ኖረው ድንጋይ የሆኑ ዛጎሎችን ነው። የተማሩት ብራኪዮፖድ ይሏቸዋል፤ እኛ የዚህ የጉይጆ አገር ሰዎች ግን ክንፍ የዘረጉ ስለሚመስሉ የድንጋይ ወፍ እንላቸዋለን፣ ፈጭተንም ለዓይን ሕመም እናደርጋቸዋለን። ገደሉ ታጥሮ ከአጥኚ በቀር መንካት ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ግን ከየት ይምጣ? ሽማግሌው አማቴ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው "አንድ እንኳ ጠፋ?" ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ዛሬ ጠዋት የሹሃን መስኮት ላይ በሶፍት የተጠቀለለች አንዲት የድንጋይ ወፍ አየሁ። ጥፍር የምታክል፣ መልከ ጥፉ። ትልልቆቹና የሚያምሩት ሳጥኗ ውስጥ ጥጥ ላይ ተኝተዋል፤ እነሱን መንካትስ ነውር ነው ብዬ ይቺን አነሳሁ። በሳህን ቂጥ ላይ በውሃ ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ ዓይናቸው ላይ ጠብ አደረግኩላቸው።

"አክስቴ፣ መስኮቱ ላይ ሶፍት አላየሽም?" አለችኝ ሹሃን ከጆንያው ቀና ብላ።

"የምን ሶፍት? አፍንጫሽን የጠረግሽበትን ልጠብቅልሽ ነው?" ውሸቴን በቁጣ ሸፈንኩት። እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ!

ሹሃን ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። "ባሕሩ ታሞ ዛጎሉ ሁሉ ያለቀበት ጥቁር ድንጋይ አለ አይደል? ከሱ በላይ ለረጅም ዘመን ባዶ ነው ይላል መምህሬ። እኔ ግን ትናንት ልክ ከጥቁሩ በላይ አገኘኋት። ከዚያ እልቂት የተረፉት ትንንሾቹ ናቸው አክስቴ፤ ትንሽ መሆኗ እኮ ነው ቁም ነገሩ! ነገ ሊያያት ይመጣል።"

ክው አልኩ። "ሌላ ፈልጊያ!" አልኳት።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ፈልጌ ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው።" ስልኳን አነሳች። "መምህር፣ አይምጡ። ተሳስቼ ነው፤ የለችም።"

ልጅቷ በኔ ጥፋት ራሷን ውሸታም አደረገች። እኔ ግን ተመልሼ ያንኑ ድስት መፈተግ ያዝኩ።

ይሄኔ አማቴ ከጓዳ ወጡ። "ምን ጠፋብሽ ልጄ? ዛሬ ዓይኔ ቁልጭ ብሎልኛል፣ እኔ እፈልግልሻለሁ" አሉና በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው ወለሉን በመዳፋቸው ይዳብሱ ጀመር።

"አባባ፣ ይነሱ" አልኩ። "እዚያ የለችም። ዓይንዎ ውስጥ ነው የጨመርኳት።"

ሹሃን ስልኳን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ።