መሸኛ የሌለው የጠፈር ሰው

ሰው ምን ይላል መሰላችሁ፣ «ድራማ ነው እኮ፣ ምን አስከፋህ?» ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀበሌ ኪነት ኢምፔሪያሊዝም ሆኖ ላልተጫወተ ሰው እንዲህ ማለት ይቀላል። እኔ ሀብተማርያም አናጺ ነኝ፤ ኮልፌ ገበያ ጀርባ አልጋና ቁምሳጥን እሠራለሁ። ቁመት ከልክ በላይ ተሰጥቶኛል፣ አፍንጫም አልተነፈግኩም። የኪነቱ ኃላፊ ገመቹ ገና ሲያየኝ «አገኘሁት» አለ። የካርቶን ባርኔጣ ደፋብኝ፣ ሆዴ ላይ ትራስ አሰረልኝና «በል እንግዲህ ሳቅ» አለኝ። ሳቅኩ። ያቺ ሳቅ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ገበያ ስወጣ ልጆች «ኢምፔሪያሊዝም መጣ» እያሉ ይከተሉኛል። ቲማቲም ሻጯ የፈረጠውን መርጣ ትመዝንልኛለች። ይሁን፣ ይሄ ይቻላል። የማይቻለው የእትዬ አስካለማርያም ነገር ነው። እሳቸው የአጸደ እናት ናቸው። አጸደ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን ከሱቄ ፊት ለፊት ዘርግታ ትሰፋለች፣ እኔም እሷን እያየሁ ስንት ሳንቃ አበላሽቻለሁ። ተዋደናል፣ እሷ በበኩሏ እሺ ብላለች። እናትየው ግን በሠራተኞች ቀን በዓል፣ የጭቁኑን ገበሬ ጆንያ ነጥቄ ስስቅ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው መድረክ ድረስ መጡና በጃንጥላ ጀርባዬን አቀመሱኝ። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላክኩ። የሰፈሩ ታላቅ ጋሽ ቡልቻ ሁለት ሰው አስከትለው ሄዱ። «እንደዚያ አድርጎ የሚስቅ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ልጄን አልሰጥም» አሉ እትዬ አስካለማርያም። ጋሽ ቡልቻ «ቴአትር እኮ ነው» ቢሏቸው «ሁሉም ቴአትር ሲሠራ ታዲያ ለምን እሱ ብቻ ክፉ ሆነ?» አሏቸው። ጭራሽ ከአስኮ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሰኔ ላይ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። የራሱ ጠረጴዛ ያለው ሰው ነው። ጠረጴዛውን የሠራሁለት ደግሞ እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ነው የቴሌቪዥኑ ነገር የመጣው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ ቅዳሜ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ዱካውን ተሸክሞ ይመጣል። ሰዎች በጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩበት አንድ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ነበር። ካፒቴን አለ፣ ሐኪም አለች፣ መካኒክ አለ። ከነሱ ጋር ደግሞ ሰው ያልሆነ አንድ ባልደረባ አለ፤ ራሱ መላጣ፣ ግንባሩ ላይ ሁለት ሽቦ የበቀለበት፣ የማይስቅ፣ የማይቆጣ። መርከቡ በተበላሸ ቁጥር ግን ሁሉም ዞሮ እሱን ነው የሚያየው። ገመቹ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል፣ ያልገባውን ከራሱ ይጨምራል። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በሰውየው ቀለም ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አረንጓዴ ነው አለ፣ ግማሹ ቢጫ ነው አለ። በዚህ የተነሣ የተኮራረፉ ጎረቤቶች አውቃለሁ።

እትዬ አስካለማርያም የቢጫዎቹ ወገን ነበሩ። ለሰውየው ያላቸው ፍቅር ልክ አልነበረውም። «ምስኪን፣ ከዘመዱ ተለይቶ ከባዕድ ጋር ይለፋል። ቀን ሙሉ ሲሠራ አንድ ሰው እንኳ ብላ ሲለው አላየሁም» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ይህን ስሰማ በቅናት አረርኩ። ግንባሩ ላይ ሽቦ ለበቀለው እንባ፣ ለእኔ ጃንጥላ።

ሰኞ ጠዋት ገመቹን ቤቱ ሄጄ ያዝኩት። «የጠፈር ድራማ ጻፍ። ያንን ሰውዬ እኔ ነኝ የምጫወተው። እምቢ ካልክ ሌላ ኢምፔሪያሊዝም ፈልግ» አልኩት። ገመቹ ባርኔጣውን ሌላ ሰው ላይ ሞክሮ እስከ ጆሮው እንደሚወርድ ያውቃልና በአራት ቀን ጽፎ ጨረሰ። ሠራተኛ፣ ገበሬ፣ ወታደርና አንዲት የሴቶች ማኅበር አባል በጠፈር መርከብ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ ጓድ ኦምዞ የሚባል ፍጡር ይቀላቀላቸዋል፤ መርከቡን ጠግኖ ያድናቸዋል። ጓድ ኦምዞ እኔ ነኝ። አንድም ቦታ አይስቅም፣ አጣርቻለሁ።

ድራማ ከመታየቱ በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ነገሬ ያነብቡታል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና «ይሄ ኦምዞ የየት ቀበሌ ነው?» አሉ።

«ከሌላ ዓለም ነው የመጣው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ገመቹ።

«እሱን አንብቤዋለሁ። መሸኛ ይዟል ወይ ነው ጥያቄዬ። ሰው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዛወር ከነበረበት መሸኛ ያመጣል። ይሄ ከነበረበት ዓለም ዝም ብሎ ተነሥቶ ነው የመጣው?»

«ፊልሙ ላይ ማንም አልጠየቀውም እኮ።»

«ፊልሙ የነሱ ነው። እኔ አዳራሽ ውስጥ መሸኛ የሌለው ሰው የማንም ቡድን አባል አይሆንም» ብለው ደብተሩን መለሱለት።

ምን ይደረጋል፣ ወታደሩ መሸኛ የሚጠይቅበት፣ እኔም የምሰጥበት ትዕይንት ተጨመረ። ደብዳቤውን ያረቀቁት ራሳቸው ጓድ ነገሬ ናቸው። «ነዋሪያችን ጓድ ኦምዞ መልካም ጠባይ ያለው፣ በስብሰባ የሚገኝ መሆኑን እየገለጽን፣ በእናንተ በኩል አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን» ይላል። ማኅተሙን ገመቹ ከድንች ቀርጾ በወይን ጠጅ ቀለም መታው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከኛ ቀበሌ ማኅተም ይበልጥ ያምር ነበር።

ልብሱን አጸደ ሰፋችልኝ፤ ጆንያ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ለጥፋ አሳመረችው። «ኪስ የለውም?» ብላት «የጠፈር ሰው ኪስ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። ለጭንቅላቴ ከአየር ጤና ጋራዥ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አምጥተን ቆርጠን አጠለቅነው፣ ሁለት የጃንጥላ ሽቦ ተከልንበት። ፊቴን ገመቹ በዘይት በታሸ እርድ ለቀለቀው። መስታወት ሳይ ለራሴ አዘንኩ። የአስኮው ሰው ሽማግሌ የሚመጣው በሳምንቱ እሁድ ነው፤ ያለችኝ ዕድል ይህቺው ብቻ ነበረች።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። እትዬ አስካለማርያም ሁለተኛው ረድፍ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተቀምጠዋል። ወጣሁ። ሰፈሩ እንዳየኝ እልል አለ፣ የቢጫዎቹ ወገን ደግሞ ቆሞ አጨበጨበ። ማንም እኔ መሆኔን አላወቀም። ድምፄን በአፍንጫዬ እያወጣሁ ሰላም ለምድር ሕዝቦች አልኩ። ወታደሩ እጁን ዘርግቶ «መሸኛ» አለኝ።

ኪስ የለኝማ፣ ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ነበር የከተትኩት። ከመነዳሪውና ጆንያው አፍነውኝ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እርዱም ከአንገቴ እየወረደ ነው። ወረቀቱን ሳወጣው የተቦካ ሽሮ ይመስላል። ወታደሩ አገላብጦ አየውና «እ... ደህና ነው» አለ፣ የመድረክ ሰው አይደል። ጓድ ነገሬ ግን ከፊት ረድፍ ተነሡ።

«እስቲ አምጣው» አሉ። ተቀብለው መነጽራቸውን አወረዱ። «ማኅተሙ አይነበብም።»

ገመቹ ከመጋረጃው ጀርባ አንገቱን አውጥቶ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ድራማ ነው እኮ» አለ።

«ድራማውን ማን ከለከለ? ሦስት መቶ ሰው እያየኝ ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት አላሳልፍም። ነገ እገሌን አሳልፈሃል ተብዬ እኔንም አሳልፈኝ ይሉኛል።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አሠራሩ ግልጽ ነው። መሸኛ የጠፋበት ሰው ከነዋሪው ዋስ ይጠራል። ለዚህ ጓድ ዋስ የሚሆን አለ?»

በዚያ ዘመን ዋስ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሰውየው የጠፋ እንደሆነ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አረንጓዴዎቹስ ይሁን፣ አሁን ቆሞ ያጨበጨበልኝ እንኳ ጫማውን ነበር የሚያየው። እኔ ደግሞ መናገር አልችል፣ መሄድ አልችል፣ በቢጫ ፊቴ ተገትሬ ቀረሁ። አናደደኝ፤ ከንዴቱ በላይ ግን ከፋኝ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ የሚተኛው እኔ በሠራሁት አልጋ ላይ ነው። እርግጥ እኔ መሆኔን አያውቁም፤ ቢያውቁ ይነሡ ነበር ብዬ ግን አልምልም።

«ከሌለ ወደመጣበት ይመለስ» አለ አንዱ ከኋላ።

ይሄኔ እትዬ አስካለማርያም ተነሡ። «የት ነው የሚመለሰው? መንገዱን አይታችሁታል? እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አሉ።

ጓድ ነገሬ የቀበሌውን ጸሐፊ ወርቄን ጠሩ፣ ወርቄ እውነተኛውን የዋስትና ቅጽ ከቢሮ አመጣች። ወርቄ ቅጽ ላይ ሐሰት ጽፋ የማታውቅ ሴት ናት፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ስምህን ከነአባትህ» አለችኝ፤ እውነተኛውን ነገርኳትና በደንብ አድርጋ ጻፈችው። እትዬ አስካለማርያም በመሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸው፣ መነጽር ግን የላቸውም። ሳያነቡ ስማቸውን ፈረሙ፤ ስምንቱን ፊደል አንድ በአንድ፣ ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ እየጠበቃቸው። ማኅተም ተመታ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጡና ላስቲኩን ፈትተው ከድፎ ዳቦ ቆረሱ። «ብላ፣ ዓለሜ» ብለው አጎረሱኝ። መርከቡን የጠገንኩት ዳቦ እያላመጥኩ ነው።

እርድ በአንድ ቀን እንደማይለቅ ማን ነገረኝ? ሰኞ «የወፍ በሽታ ይዞሃል» ብለው ሁለት ሰዎች ጤና ጣቢያ ሊወስዱኝ ታገሉኝ። ማክሰኞ እትዬ አስካለማርያም ለአጸደ ምሳ ይዘው ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። እኔ ሳንቃ እየላግኩ ነበር። ፊቴን አዩ። ቁመቴን አዩ። እንደገና ፊቴን አዩ። ምሳውን እንደያዙ፣ ቀጥ ብለው ወደ ቀበሌ ሄዱ። አጸደ መርፌዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ወርቄ ነች በኋላ የነገረችኝ። «ሰርዙልኝ፣ ተታልያለሁ» ብለዋል። ጓድ ነገሬም ፋይሉን አስወጥተው «ስሙ በትክክል ተጽፏል፣ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ማኅተም አለው። ሀብተማርያም ከዚህ ሰፈር ቢጠፋ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» ብለዋቸዋል።

የባሰ አታምጣ ብዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአስኮው ሰው ሳይቀድመኝ፣ ጋሽ ቡልቻን እንደገና ላክኩ። አላስቻለኝም፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አዳመጥኩ። ጋሽ ቡልቻ ገና «እንግዲህ አንድ ጊዜ...» ብለው ሲጀምሩ እትዬ አስካለማርያም አቋረጧቸው።

«ጋሽ ቡልቻ፣ ይቀመጡ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት አየር ጤና ሄዶ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይጠፋብኛል እያልኩ እየባነንኩ ነው። ያን ዕለት ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ አንድም ሳይነሣለት ሲቀር አንጀቴን በላው። ለጠፈሩ ሰው ነበር ያዘንኩት። አሁን ማን እንደሆነ ሳውቅ ሐዘኑ ይወጣልኛል ብዬ ብጠብቅ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ የአስኮውስ ሰው?» አሉ ጋሽ ቡልቻ።

«እሱ ደህና ሰው ይመስለኛል። ግን የአስኮው ሰው ቢጠፋ እኔን ማን ይጠይቀኛል? በዚህኛው ላይ ፈርሜያለሁ። እስከ ሠርጉ የትም እንዳይሄድ በሉት፤ ከዚያ በኋላ እኔው እጠብቀዋለሁ።»