ልክ የሆነ ሱሪ

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ሲባል መርፌ የጨበጠ ሁሉ የሚጠራበት ዓይነት አይደለም። ሰው በር ሲከፍት ሜትር ሳያወጡ የትከሻውን ስፋት የሚያውቁ፣ አንዱ እጅጌው ከሌላው የረዘመ መንገደኛ ካዩ አስቁመው «ና እስቲ ላስተካክልልህ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የስፌት መኪናቸውን ከሱቅ አምጥተው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተከሉት። ልጃቸው ሳሎኑ ጠበበ ብላ ብታጉረመርም፣ ልብስ ቢሆን አሰፋልሽ ነበር ብለው ዝም አሰኟት።

እናትየዋ ቀድማ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ስለዚህ አባትየው አንድ ጠዋት ኮት እየተኮሱ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ ያሉ ጊዜ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኙት እሳቸው ይሁኑ እንጂ ነፍሷ የወጣው እሷ ነበረች። ደግነቱ ተሽሏቸው ወጡ። ሐኪሟ ስትሸኛቸው ጨው እንዲቀንሱ፣ ቅባት እንዳያበዙ፣ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡና ቀስ እያሉ እንዲራመዱ መከረች። ልጅቱም በልቧ ማለች፤ እናቴን የወሰደ አባቴን በዋዛ አይወስድም አለች።

መሐላው ባልከፋ፤ የከፋው ልጅቱ ሐኪሟ ባለችው ላይ የጨመረችበት ነው። ከሬዲዮ የሰማችውን ጨመረች፣ ጎረቤት ያላትን ጨመረች፣ የሥራ ባልደረባዋ አክስት የሞተችበትን ምግብም ከክልክሉ ላይ ጨመረች። ሥጋ ከቤት ወጣ። ወተት ተከተለው። የዘይቱ ጠርሙስ መጀመሪያ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተሰደደ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት ተሰጠ። እንቁላል ለእሑድ ብቻ፣ እሱም አንድ። የቀረው ጨው ያልነካው የአትክልት ሾርባ ሲሆን፣ አባትየው ለልጃቸው አይንገሯት እንጂ፣ ድስት የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስላቸው።

ልጅቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ምግብ የማይወዱ ልጆችን መላ ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ጉንጭ ውስጥ ማቆየቱን፣ ኪስ ውስጥ መክተቱን፣ ጠረጴዛ ሥር ለጓደኛ ማቀበሉን። አባቷ ሲበሉም አጠገባቸው ቆማ ነው የምትጠብቃቸው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ልታጨበጭብ ትንሽ ነው የሚቀራት። አባትየውም ነገሩ ገብቷቸዋል። «ልጄ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጊልኝ፤ ትንሽ ሲሆን ነው የሚጥመኝ» ይሏታል። ትንሹን ጨርሰው ሳህኑን እያሳዩ ይመርቋታል። እሷም ባዶ ሳህን እያየች ደስ ይላታል።

ሱሪያቸው ሰፋቸው። መስፋቱን ልጃቸው ብታይ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ያውቃሉ፤ ስለዚህ እሷ ሥራ ስትሄድ መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ወገቡን አጠበቡት። ኮቱን ከጎንና ከጎን አስገቡ፣ የሸሚዙን ትከሻ ፈትተው መልሰው ገጠሙ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ቢበሱ ያሳብቅባቸዋል፤ ከዘለበቱ በኩል ቆርጠው አሳጠሩት። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየሾለከ ሲያስቸግራቸው ውስጡን በክር ጠመጠሙት። ሌላ ሰው ሲከሳ ልብሱ ወሬ ያወጣበታል፤ የሳቸው ልብስ ግን አፉን የዘጋ ምስጢር ጠባቂ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቃል። ልብስ እንዴት ያምርባቸዋል፣ ከበሽታ የተነሡ አይመስሉም ይላል። ልጅቱም ይህን ስትሰማ ልክ ነኝ ብላ ትበረታለች። ከታች ፎቅ የሚኖሩት የልብ ወዳጃቸው እንኳ አልነቁም። እኒህ ወዳጅ ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና የነዱ ሹፌር ሲሆኑ፣ ምላሳቸው መቆሚያ ስለሌለው ሰፈሩ ጋሽ ፍሬን ይላቸዋል። እሳቸውም የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ዳሩ ግን ሆዳቸው እንደ ተጫነ መኪና ነው።

«ምነው ሙሽራ መሰልክ» ይሏቸዋል። «ደብቀኸኝ ልታገባ ነው እንዴ?»

«አንተ ሳትደርስ ሆድህ እየደረሰ እንዴት ብዬ እደብቅሃለሁ» ይላሉ አባትየው፤ ተሳስቀው ይለያያሉ።

እየቆየ ግን ሳቁም ትንፋሽ ያሳጥራቸው ጀመር። ደረጃውን ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ግድግዳውን የሚያደንቁ ይመስላሉ። መርፌ በእጃቸው እንደያዙ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ እግራቸው ደግሞ ወደ ማታ ያብጣል። ልጅቱ ይህን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ልባቸው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ነኝ የሰነፍኩት አለችና የእሑዱን እንቁላል ከለከለች። እንዲህ እያለ፣ እሷ ባጠበቀች ቁጥር እሳቸው ይደክማሉ፤ እሳቸው በደከሙ ቁጥር እሷ ታጠብቃለች።

ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት የተዘጋ ቀን ገበያ ወጥታ ሸሚዝ ገዛችላቸው። በወትሮው ልካቸው፣ ሰማያዊ። ለልብስ ሰፊ የሱቅ ሸሚዝ መግዛት ለዓሣ አጥማጅ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ እንደ መስጠት ነው፤ ግን ደክመዋልና ይረፉ ብላ ነው። ጋሽ ፍሬን ሳሎን ቁጭ ብለው ስለ አንድ ዳገት ሲያወሩ ደረሰች። አባትየው ሸሚዙን ገልብጠው ስፌቱን ሲያዩ ፊታቸው ተኮማተረ።

«አባባ፣ ስፌቱን ይተዉትና ይልበሱት» አለቻቸው።

ማታ ይሻላል አሉ። ብርድ ብርድ ይለኛል አሉ። መጨረሻ ላይ መኝታ ቤት ገብተው ቆዩ፤ ሲወጡ ሸሚዙ መጣ፣ እሳቸው ግን የሉበትም። ትከሻው ክንዳቸው ላይ ወርዷል። ኮሌታው ዙሪያውን ክፍት ሆኖ፣ አንገታቸው በሰፊ ባልዲ ውስጥ የቆመ መጥረጊያ መስሏል።

«እነዚህ የፋብሪካ ሰዎች መቁረጥ ረስተዋል» አሉ ቶሎ ብለው። «ይሄ ሸሚዝ ነው ድንኳን?»

ጋሽ ፍሬን ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ሰፈሩ ያን ቀን ቢያይ ስማቸውን ይቀይርላቸው ነበር። ተነሥተው የወዳጃቸውን ትከሻ በሸሚዙ ላይ ያዝ አደረጉና እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው መለሱት።

ልጅቱ ከስፌት መኪናው ላይ ሜትሩን አንሥታ፣ ልጅ ሆና ለትምህርት ቤት ልብስ እሳቸው እሷን እንደሚለኩት ወገባቸውን ዞረች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። የሱሪውን ወገብ ገለጥ ብታደርግ ስፌት በስፌት ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ ተደርድሯል። እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ስፌት ነው።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አሉ፤ ሱሪያቸውን እንደተቀማ ልጅ ወገባቸውን ይዘው።

«አንተ ሰው» አሉ ጋሽ ፍሬን፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ልብህን ላድን ብለህ ባለቤቱን ልትገድለው?»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄዱ። ልጅቱ ሐኪሟ ፊት ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ዘይቱን፣ የባልደረባዋን አክስት ሳይቀር። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ክንዳቸውን በእጇ ለካች፣ ያበጠ እግራቸውን በጣቷ ተጫነች፤ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። በየቀጠሮው የምንመዝናቸው ሚዛን እኛንም አታሎናል አለች፤ ሥጋቸው ሲቀንስ ውሃ በቦታው እየገባ ክብደታቸው ያልተለወጠ አስመስሎታል። በመርፌና በደም ምርመራ ጥቂት ካደከመቻቸው በኋላ ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠጋች።

«ጨው ቀንሱ አልኩ እንጂ ምግብ ቀንሱ አላልኩም፣ እህቴ። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ይበላል። ልብ ደግሞ ጡንቻ ነው።»

እንቁላል፣ ዓሣ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ወተት ይመለስ አለች። ዘይት በልኩ ይግባ፤ ሾርባው በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ይጣፍጥ። በአንዴ ብዙ ከሚሆን ቶሎ ቶሎ ይቅረብ። የውሃ ማስወጫ ኪኒንም ጨመረችላቸው። ሲወጡ ግን በሩ ላይ አስቁማ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ከማን ጋር ነው የሚበሉት? አባትየው ልጃቸውን አዩ። እውነቱ፣ እሷ ትቆማለች እንጂ አትበላም፤ እሷ የምትበላው ትምህርት ቤት ከልጆቹ ጋር ነው።

ኮሪደሩ ላይ እንባዋ መጣ። በገዛ እጇ አባቷን ልታስርብ እንደነበር ነገረቻቸው። እሳቸው መሐረብ ፈልገው ኪሳቸው ውስጥ ገቡ፤ ኪሱም ጠቦ ኖሮ እጃቸው ተያዘ።

«ሁለታችንም ነን» አሉ እጃቸውን እየታገሉ። «አንቺ ፈርተሽ ምግቡን ደበቅሽ፣ እኔ ፈርቼ መክሳቴን ደበቅኩ። ፍርሃት ነው ቤታችንን የበላው። አሁን ራበኝ፣ እንሂድ።»

ራበኝ ሲሉ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልተስተካከለም። መዘጋት የለመደ አፍ ለመከፈት፣ የፈራ እጅ ለመጨለፍ ጊዜ ይፈልጋል። እሷ ዘይቱን ስታፈስ እንደ መርዝ በጠብታ ነበር፤ እሳቸውም መጀመሪያ ላይ ግማሽ እንቁላል ላይ ይቆማሉ። ጋሽ ፍሬን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሳይጠሩ ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔም የልብ በሽተኛ ነኝ፣ አብሬ ልታመም ነው ይላሉ። ሁለቱ ሲቀመጡ ሳህኑ ላይ ያለው በወሬ መሐል ሳይታወቅ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ዓሣ ጠበሰች፤ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት፣ ጨው የሌለበት። ለሁለቱ አቀረበችና እንደ ልማዷ ግድግዳው አጠገብ ቆመች።

«ተቆጣጣሪ ነሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ ፍሬን። «ትኬት ልታዪ ካልሆነ ቁጭ በይ።»

ወንበር ሳበች። ለራሷም አወጣች። ዓሣው ሲቀመስ እንዲህ የሚጥም መሆኑን አላወቀችም ነበርና በረሃብ መብላት ጀመረች። ጋሽ ፍሬን ፍሬን የበጠሰ መኪና ከዳገት እንዴት እንዳወረዱ ሲያወሩ፣ አባቷ ዳገቱ ባለፈው ጊዜ እንዲህ አልረዘመም እያሉ ሲያርሟቸው፣ እሷ የአባቷን ሳህን ማየት ረሳች። ቀና ስትል ሳህናቸው ባዶ ነው። ሹካቸው ደግሞ ከሷ ሳህን ጠርዝ ላይ ትልቁን ቁራጭ ወግቶ እያነሣ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከጋሽ ፍሬን ፊት አልተነቀለም፣ ወሬው የያዛቸው መስለው።

አላየሁም አለች በሆዷ። ሳህኗን ትንሽ ወደሳቸው ገፋ አደረገችና መኪናው ታዲያ ምን ላይ ቆመ ብላ ጋሽ ፍሬንን ጠየቀች።