ለእናቴ የተመረጠ ቀላል ተራራ

ተራራውን የመረጥሁት ለፈተና እንደሚዘጋጅ ሰው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የሚገኝ፣ ገደል የሌለው፣ የበረዶ ናዳ የማያሰጋው ጉብታ ነው፤ ድሮ እንጨት ቆራጮች የጠረጉት ሰፊ መንገድ በጥድ ደን መካከል ቀስ እያለ ጫፉ ድረስ ይወጣል። ጉብታ ብዬ የምጠራው ግን ዛሬ ነው። ያኔ በጻፍሁት መምሪያ ውስጥ «ለጀማሪዎች እጅግ ተስማሚ የሆነ የተራራ መስመር» ይባል ነበር።

መምሪያው ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ሰውን ወደ ጫፍ የሚያወጣ ማንሻ ወንበር በሌለበት ተራራ ላይ፣ እግር ሥር በሚታሰረው ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ፣ እየተራመዱ ወጥተው፣ በዚያው ስኪ እየተንሸራተቱ ለመውረድ ለሚሹ ጀማሪ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ከመግቢያና ከማጠቃለያ ጋር ያዘጋጀሁት ነው። እንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ዙሪያ ስንት እንደሆኑ አስቀድሜ አላጣራሁም። አንዷ እኔ ነበርሁ፤ ሌሎቹን መምሪያው ይፈጥራቸዋል የሚል እምነት ነበረኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከአንድ የሚከራይ ምድር ቤት ማስታወቂያ አጠገብ ለጠፍሁት። የደወለልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ምድር ቤቱ የራሱ መግቢያ እንዳለው ሊጠይቀኝ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ትጋት በቂ ምክንያት ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲውን በአንደኝነት ጨርሼ ሜዲካል ስኩል ተቀብሎኛል። እኔ ግን ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አስተላልፌ፣ በዚያ ተራራ ሥር በምትገኝ አንዲት ትንሽ የስኪ ማረፊያ ጀማሪዎችን እያስተማርሁ የበረዶውን ወራት ማሳለፍ ፈለግሁ። ሥራው ተሰጥቶኛል፤ ትምህርት ቤቱም ቦታዬን ሊያቆይልኝ ተስማምቷል። የቀረኝ የእናቴ ምርቃት ብቻ ነበር። በሕግ ዓይን ካየነው ያለ እርሷ ፈቃድ መሄድ እችላለሁ። ነገር ግን እናቴ የሺሀረግ ሳትመርቀኝ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። ተመርቄም ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ባልመረቅ ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስነግራት እናቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። «የምትሄጂበትን በዓይኔ ሳላይ አልመርቅሽም» ብቻ አለችኝና ለጋሽ ዓብዩ ስልክ ደወለች። ጋሽ ዓብዩ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ፣ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ በቤታችን ከበድ ያለ ጉዳይ ያለ እርሳቸው ተወስኖ አያውቅም። እናቴን ወደ ተራራ ስጋብዝ ሽማግሌ እንደሚጨመርበት መገመት ነበረብኝ። እርሳቸውም ስኪ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እሺ አሉ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ በጋሽ ዓብዩ መኪና ሄድን። እርሳቸው በሱፍ ኮታቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል፤ እናቴ ቁም ሳጥኗ ውስጥ የነበረውን ሁሉ የለበሰች ትመስል ነበር። ማረፊያው ስንደርስ ጫማ የሚያከራየው ወጣት ከእናቴ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ አንዱን ጫማ ሲያጠልቅላት፣ ሌላውን ሲያወልቅላት፣ ማሰሪያውን ሲያጠብቅላት ቆየ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ደስታ መሰለኝ። ይመቻት እንደሆነ ሲጠይቃት «ቬሪ ጉድ፣ ታንክ ዩ» አለችው። እኔ በዚያን ጊዜ ለጋሽ ዓብዩ ስለ በረዶ ናዳ አራቱ ዋና ዋና ምክንያቶች ገለጻ እየሰጠሁ ነበር። በዚያ ጉብታ ላይ ናዳ ሊኖር እንደማይችል አውቃለሁ፤ ምዕራፉ ግን በጣም ጥሩ ሆኖ ስለተጻፈ ልዘለው አልሆነልኝም።

ከዚያ በስኪዎቹ ሆድ ላይ ጸጉራም ጨርቅ ለጠፍሁላቸው። ጸጉሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ ሽቅብ ሲወጡ በረዶውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ወደ ኋላ አያንሸራትትም ብዬ አስረዳሁ። ጋሽ ዓብዩ ጨርቁን ዳበስ አደረጉትና፣ ባለፈው በረዶ ጊዜ ጎማቸው ላይ ይህ ቢኖር ኖሮ አናንዴል ዳገት ላይ መኪናቸው ውስጥ እንደማያድሩ ነገሩኝ።

መነሻው ላይ አንድ ያላሰብሁት እንቅፋት ገጠመን። መንገዱ በሁለት ጥዶች መካከል በጠባቡ ይጀምራል። እናቴ ለጋሽ ዓብዩ «ይቅደሙ» አለቻቸው። እርሳቸው «ኧረ አንቺ ቅደሚ» አሏት። እርሷ ትልቅ ሰው ቆሞ እንደማትቀድም፣ እርሳቸው ሴት ልጅን ከኋላ ትተው እንደማይሄዱ፣ እየተግደረደሩ ቆሙ። የተራራ መጻሕፍት ስለ ነፋስና ስለ ጭጋግ ብዙ ይላሉ፤ ሁለት ኢትዮጵያውያን አንድ ጠባብ መግቢያ ፊት ሲደርሱ ምን እንደሚደረግ ግን አንዳቸውም አይጠቅሱም። በመጨረሻ እኩል ሊገቡ ሲሞክሩ ስኪያቸው ተቆላልፎ፣ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈታኋቸው።

የመምሪያዬ የማዕዘን ድንጋይ «የደኅንነት ጥያቄ» የተባለው ክፍል ነበር። በወሰድሁት ሥልጠና እንደተማርሁት፣ መሪ በየዕረፍቱ ቆሞ እያንዳንዱን ሰው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሚሰጠውንም መልስ ያምናል። ይህንን ሕግ ወደ አማርኛ ስመልሰው ቅላጼው ራሴን አስደንቆኝ ነበር። ስለዚህ በየመታጠፊያው ቆሜ፣ ዘንጌን በረዶው ላይ ተክዬ እጠይቃለሁ።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«ጋሽ ዓብዩ፣ እርስዎስ?»

«ተመስገን ነው፣ ልጄ።»

ሌላ መታጠፊያ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። በሥልጠናው ላይ እንደ እኔ ዓይነት እንከን የለሽ ቡድን የመራ ሰው አልነበረም። አሠልጣኛችን ጀማሪዎች ሲያለቅሱ፣ ሲያማርሩ፣ በረዶ ላይ ቁጭ ብለው አንነሣም ሲሉ እንዳየ አጫውቶን ነበር። የእኔዎቹ ግን ዝም ብለው ይወጣሉ። ጋሽ ዓብዩ ሁለቱን ዘንጎች ደረታቸው ሥር ሰብስበው፣ ማኅሌት ላይ መቋሚያ እንደሚደገፍ ሰው እየተደገፉ ረጅም ረጅም ዕረፍት ያደርጋሉ። አርምሞ መሰለኝ። እናቴ በእያንዳንዱ እርምጃ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጸሎት መሰለኝ፤ በዚህስ አልተሳሳትሁም። እኔ ደግሞ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው፣ ቋጥረውም ፈንድተው፣ ቆዳዬ ካልሲዬ ላይ ሲቀር ይሰማኝ ነበር። መሪ ስለሆንሁ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝም «በጣም ጥሩ» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ጫፉ በዛፎቹ መካከል መታየት ሲጀምር ለዕረፍት ቆምን። እዚያ ላይ ምን እንደምል በልቤ ይዤ ነበር። ሸለቆውን በእጄ እያሳየሁ፣ ስደተኛ ማኅበረሰባችን ከምድሪቱ ጋር ስለሚኖረው ግንኙነት ተናግሬ ስጨርስ፣ እናቴ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ እዚያው በረዶው ላይ ትመርቀኛለች። ንግግሩ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብና ማጠቃለያ ነበረው።

እናቴ ከቦርሳዋ ድፎ ዳቦ አወጣችና ቆርሳ ለጋሽ ዓብዩ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ዓብዩ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው በልተው እንደመጡ ተናገሩ። ትንሽ እንዲቀምሱ ለመነቻቸው። ጥጋብ ላይ ጥጋብ እንዳይሆን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ እጇን አልመለሰችም።

«በሞቴ» አለቻቸው።

ጋሽ ዓብዩ ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳያኝኩት የዋጡት መሰለኝ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ሳያስለምኑ በሉ። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር።

እኔ ዳቦዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህንን ትርዒት በሕይወቴ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እናቴ የእንግዳን የመጀመሪያ መልስ አምና አታውቅም፤ ሁለተኛውንም ለወጉ ነው የምትሰማው፤ እውነቱ የሚጠበቀው ከሦስተኛው ነው። እኔም በዚያ ቤት ነው ያደግሁት። ግን መንገዱን ሙሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች ስጠይቅ፣ የመጀመሪያውን «ደህና» ተቀብዬ፣ በራሴ እየኮራሁ ወደ ላይ ስነዳቸው ነበር።

«እማዬ፣ እግርሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አልኩሽ እኮ።»

«እውነትሽን ነው?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ጫማ ነው።»

«በሞቴ፣ እማዬ።»

እናቴ ዳቦውን መቁረስ አቆመች። ሰው በሞቱ ሲለምናት ዋሽታ አታውቅም፤ ልጇ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ በእኔ ላይ ተናደደች፤ በዚህ ብርድ መሐላ እንደማይቀለድበት ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጣቶቼ ከታች ነው የቀሩት፤ ካጣኋቸው ቆየሁ» አለች። ጫማው ገና ማረፊያው ውስጥ ሳለች ጀምሮ ይጠብባት ነበር። ያ ምስኪን ልጅ ግን ተንበርክኮ ሁለት ጊዜ ቀይሮላት፣ ሦስተኛ አምጣልኝ ማለት አሳፈራት።

ወደ ጋሽ ዓብዩ ዞርሁ። በሞቴ ከማለቴ በፊት እጃቸውን አነሡ። «እኔን ተዪኝ፣ እናገራለሁ። ጉልበቴ መነሻው ላይ፣ እናትሽና እኔ ስንቆላለፍ ነው የከዳኝ። ወግ ሳበዛ ሄደ።»

«አንቺስ?» አለች እናቴ። «እያነከስሽ እንደሆነ አይቻለሁ። በሞቴ።»

ተረከዞቼን ነገርኋት።

ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ጫፉ እዚያው ነበር፤ የጥዶቹ ራስ አልቆ ሰማዩ ይታያል። ትንሽ ብንገፋ እንደርሳለን። ንግግሬም እዚያው ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። ከዚህ ከተመለስን እናቴ የምታየው ነገር የለም፤ ያላየችውንም አትመርቅም። በምን ቃል እንደምናገረው ሳላሰናዳ «እንመለስ» አልሁ፤ ያለ መግቢያና ያለ ማጠቃለያ የተናገርሁት ብቸኛው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከመውረዳችን በፊት የእናቴን ጫማ ፈታሁ። ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል፤ እንደ ዕብነ በረድ ይቀዘቅዛሉ። ጃኬቴን ከፍቼ፣ ሹራቤን ገልቤ፣ ባዶ እግሮቿን ሆዴ ላይ አደረግኋቸው። ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ ነበር። እናቴ ነውር ነው፣ ሰው ያየናል እያለች እግሯን ልትነጥቀኝ ሞከረች፤ ከጥዶቹ በቀር የሚያየን አልነበረም። ጋሽ ዓብዩ ግን ለክብሯ ሲሉ ፊታቸውን አዙረው፣ ስለ ዛፎቹ ቁመት ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቿ መቀላት ሲጀምሩ «አመመኝ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ በዕድሜዬ የሰማሁት ያኔ ነው፤ በደስታ ልጮህ ቃጣኝ። እግሯን በእኔ ትርፍ የሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ፣ የጫማውን ማሰሪያ አላልቼ፣ ወደ ታች ተመለስን።

ጸጉራሙን ጨርቅ ሳናወልቅ፣ እንደ ወጣነው በእርምጃ ነበር የወረድነው። ለመንሸራተት የሞከርሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቢያንስ የሙያውን ውበት እንዲያዩ ብዬ ጨርቄን አውልቄ፣ አንድ የታሰበበት መታጠፍ ጀምሬ፣ በጭንቅላቴ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ከበረዶው ጎትታ ስታወጣኝ እስኪደክማት ሳቀች። ጋሽ ዓብዩ ከመነሻ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ አልወደቁም።

መኪና ውስጥ ጋሽ ዓብዩ ማሞቂያውን ለቀቁት። እናቴ ከፊት፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ ከኋላ ነበርን። የተረፈ ተስፋ ካለ ብዬ ንግግሬን ጀመርሁ። «ማኅበረሰባችን ከተፈጥሮ ጋር ያለው ትስስር በዚህ አገር…»

«እርሱን መምሪያሽ ላይ አንብቤዋለሁ» አለች እናቴ፣ ሳትዞር። «በሞቴ፣ ርብቃ። ይህንን የምትፈልጊው ለምንድን ነው?»

ሦስቱም ነጥቦቼ ከአእምሮዬ ወጡ።

«ስኪ ላይ ጎበዝ ስላልሆንሁ ነው» አልሁ። «በምሄድበት ሁሉ አንደኛ ነኝ። እዚያ ግን እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ፣ ውጤት የሚሰጠኝ የለም። ደስ ይለኛል። ሜዲካል ስኩሉን ደግሞ ፈርቼዋለሁ። ሁሉም አንደኛ የነበረ ነው የሚገባው። መውደቅን ሳልለምድ ብገባ የምሰበር ይመስለኛል።»

ጋሽ ዓብዩ ሬዲዮውን አጠፉ፤ ድምፁ ከመጀመሪያውም አይሰማም ነበር። የተናገርሁትን እንዴት ላስተካክለው እንደምችል ሳሰላስል ቆየሁ።

«እኔ የፈራሁት ሌላ ነው» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ሰው ይዘሽ፣ አላቆምም ብለሽ፣ የትም ትገቢያለሽ ብዬ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ የጀመርሽውን ትተሽ አታውቂም። ዛሬ ጫፉ እየታየሽ ተመለስሽ።» ቆየት ብላ ጨመረች። «አንድ ዊንተር ብቻ። ከዚያ ትምህርት ማስተላለፍ፣ ዲፈር ማድረግ የሚባል ነገር እንዳልሰማ። ጋሽ ዓብዩ፣ ይመርቋት።»

ጋሽ ዓብዩ መሪውን እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሳይጀምሩ ተዉት። ምርቃት ሁለት እጅ ያስፈልገዋል፤ በሀይዌይ ላይ ደግሞ አይሆንም አሉ። በሚቀጥለው መውጫ ወጥተው አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገብተው አቆሙ። ተቀምጠው መመረቅም ስላልወደዱ ያን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወረዱ። እናቴም ወረደች። እኔም በካልሲዬ፣ በቀለጠ በረዶና በጨው በራሰው አስፋልት ላይ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። ነዳጅ የሚቀዱ ሁለት ሰዎች ቀና ብለው ያዩን ነበር።

«መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ» አሉ ጋሽ ዓብዩ፣ መዳፎቻቸውን ዘርግተው። «እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልሽ።»

«አሜን» አልን። እናቴ የደማ ካልሲዬን ተመለከተችና እጆቿን ሳታወርድ «ጫማዋንም የሚበቃት ያድርግላት» ብላ ጨመረች፤ እኔም ከሁሉ ይበልጥ ጮክ ብዬ አሜን አልሁ።