ጭነቱን ማን ያዛል

አባባ በዚያ ዓመት የበግ ንግዱን ከሁለታችን ልጆቻቸው ለአንዳችን ሊያስረክቡ ነበር፤ ወይ ለእኔ ወይ ለታናሽ ወንድሜ ለበዕውቀቱ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ መጥቻለሁ። እሳቸው የሚያውቁት ማኔጅመንት ሽመል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘመሮ ገበያ ዳር አይሱዙው ቆሟል፤ ከበጎቹ ግን ግማሹ የለም። በዕውቀቱ ለገበያ እንዲወፍሩለት የወል ሣር ምድሩ፣ ጓሳ፣ አስገብቶ ሲያስግጣቸው ሰንብቷል። ጓሳው ደግሞ ያን ዓመት ለግጦሽም ለአጨዳም ዝግ ነበር፤ የአገሩ ሰው ተማምሎ ነው የዘጋው። ጠባቂዎቹ ደርሰው የያዙትን ያዙ።

«ማነው ያስገባቸው?» አሉ አባባ።

«ወንድምአገኝ» አለ ወንድሜ፣ በጎቹን የሚነዳልንን ሰውዬ በአገጩ እያሳየ።

«እኔ? ‹ንዳቸው፣ ማን ያይሃል› ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

አባባ ሙግት አይሰሙም። ሽመሉ ወንድምአገኝ ክንድ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጫኚዎቹ በጎቹን ለቀው ቆሙ።

አባባ ሽመሉን ወደ እኔ ዘረጉት። «ንግዱን ከፈለግሽ አንቺ ጨርሺው። የማይፈራሽን ሰው ልታዢ ነው?»

ተቀበልኳቸው። የመታሁት ግን በዕውቀቱን ነው፤ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ሲያጎነብስ ጀርባውን።

«ስታዘው ሰምቻለሁ፣ ውሸታም!»

ተነሥቶ በቡጢ አፌን አለኝ። ጥርሴ ወለቀ። ፀጉሬን ይዞ ከመኪናው ጋር ሲያላትመኝ ጆሮውን ነከስኩት፤ እስኪጮህ አልለቀቅሁትም። አባባ ዳር ቆመው ያያሉ። የገላገለን ገበያተኛው ነው።

ደሜን ተፍቼ «ጫኑ!» አልኩ።

ማንም አልተነቃነቀም። «እሺ ዲግሪ» አለኝ አንዱ ጫኚ፣ «ወንድምአገኝስ?»

«ጋቢና ይግባ። ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ።»

«እኔስ?» አሉ አባባ።

ጋቢናው ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። አንዱ ቦታ የእኔ ነው።

«እርስዎ ከበጎቹ ጋር ይሂዱ። ካልሆነም እቤት ይቅሩ።»

ሽመሉን ከጭቃው አንሥተው ትከሻዬን መቱኝ። እጄ ደነዘዘ። ብሸሽ የማዘዜ ነገር እዚያው ያበቃ ነበር፤ አልሸሸሁም። ደግመው ሰነዘሩ፤ ጎኔን አገኙኝ።

«ጫኑ አልኩ እኮ!»

«ዲግሪ» ብሎ የጠራኝ ጫኚ አንዱን ሙክት አቅፎ አነሣ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሁለቱ ወንድምአገኝን ደግፈው ጋቢና አስገቡት። በዕውቀቱ ጆሮውን በነጠላው ይዞ ወደ ቤት አቀና።

ሞተሩ ሲነሣ አባባ በኋላ በኩል ተንጠላጥለው ወጡና ከበጎቹ መካከል ቆሙ።