መስኮቱ የሚከፈትበት ባቡር

እናቴ ከቀዶ ሕክምናዋ በፊት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ተራራ በሚወጣ ባቡር ተሳፍሮ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ራስን ወደ ውጭ አውጥቶ አየር መሳብ። «በመከር ግማሹን ሳንባዬን ሊወስዱት ነው። ሙሉው እያለልኝ አንዴ ጥግ ድረስ ልሙላው» አለችኝ። ይህን ያለችኝ ላንግናው ከተማ ባለው ወጥ ቤታቸው ድንች እየላጠች፣ ጨው አቀብዪኝ በምትልበት ድምፅ ነው።

እኔም ሰማኋት። የሰማሁት ግን «ተራራ» እና «ባቡር» የሚለውን ነው። የቀረውን ራሴ ሞላሁት።

ቡርግዶርፍ ውስጥ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የተማሪዎችን ጉዞ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አንድ ልጅ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ ሁለት አዛውንት ወላጆችን ዘና አድርጎ ተራራ ማውጣት ለእኔ የጨዋታ ያህል ነበር። «ዘና ያለ ጉዞ» ብዬ ስም አወጣሁለት። ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። የት እንደምናርፍ፣ ስናርፍ ምን ላይ እንደምንቀመጥ፣ ከዕረፍቱ በኋላ ደግሞ የት ሄደን እንደምናርፍ አሰብኩ። አባቴ አርኖልድ፣ እናቴ ኖልዲ የምትለው፣ ዕቅዱን ስነግረው አንድ ቀን ቆሞ አዳመጠኝና «ዘና ማለት ይሄን ያህል ሥራ ካለው፣ እኔ ቤት ቀርቼ እንጨት ብፈልጥ ይሻለኛል» አለ።

የመረጥኩላቸው የመስታወት ባቡሩን ነው። ጣሪያው ሳይቀር መስታወት ነው፤ ሰው አንገቱን ሳያነሳ የተራራውን ጫፍ ያያል፤ ወንበሩ በስም ይያዛል። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። እናቴ መነጽሯን አስተካከለች።

«መስኮቱ የት ነው?»

«ሁሉም መስኮት ነው እኮ እማዬ።»

«የሚከፈተውን ነው የምልሽ።»

«አይከፈትም። ነፋስ የለ፣ ብርድ የለ። ለሳንባሽ ደግሞ እሱ ነው የሚሻለው።»

ሐኪሟ ቀስ ብላ እስከሄደች ድረስ ከፍታው ምንም አይላትም ብሎ ነበር። ስለ ነፋስ አንድም ቃል አልተናገረም፤ እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ ሳህኑ ላይ ያለውን ድንች አየ። «የዓሣ ገንዳ ውስጥ ቁጭ ብለን ተራራ እናያለን ማለት ነው» አለ።

«ዓሣው ማን ነው ኖልዲ?»

«እኔ ነኛ። አንቺማ ዝም አትዪም።»

ሳቁ። ሳቃቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩትና ወንበሮቹን ያዝኩ።

በዚያው ሐዲድ ላይ ተራው ባቡር በየሰዓቱ ይመላለሳል፤ መስኮቱን በሁለት እጅ ወደ ታች ስበው የሚከፍቱት ዓይነት። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ተራው ባቡር ግን ወንበር አያስይዝም። ቦታ ሳይያዝበት የሚደረግ ጉዞ ደግሞ ለእኔ በር እንደሌለው ቤት ነው።

በሰኔ ተነሣን። ሻንጣዎቹን አስቀድሜ ተራራው ላይ ፖንትሬዚና ወዳለው ሆቴል ላክኋቸው። እንዳይደክማቸው መንገዱን ለሁለት ከፍዬ ኩር ከተማ አደርን። ከእራት በፊት የዕረፍት ሰዓት ሰጥቻቸው ነበርና፣ በትክክል እያረፉ መሆናቸውን ለማየት በየጊዜው በራቸውን ከፈት አደርግ ነበር።

«ሬጉላ፣ ማረፌን ለማየት እየገባሽብኝ እንዴት አድርጌ ልረፍ?» አለች እናቴ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡሩ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብለን ጣቢያው መድረክ ላይ ተቀመጥን። ጊዜው እንዳይባክን ከመጽሔት ያገኘሁትን የአተነፋፈስ ዘዴ አስተማርኳቸው። በአፍንጫ ማስገባት፣ ትንሽ ማቆየት፣ ከንፈርን አሹሎ ማውጣት።

«ሰማንያ ዓመት ሳልማር ስተነፍስ ኖሬያለሁ» አለ አባቴ።

«ለዛ ነዋ ትከሻህ ጆሮህ ላይ የተሰቀለው» አልኩት።

በዚህ መሐል ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተናገረ። እናቴ ቀና አለች። «የሆነ ነገር አሉ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚና ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አውጪ» አልኳት፣ ከድምፅ ማጉያው በላይ ጮክ ብዬ።

ከዚያ የእኛ ባቡር ሊመጣ በሚገባው ደቂቃ፣ ሊመጣ በሚገባው መድረክ ላይ ቀይ ባቡር መጥቶ ቆመ። በእኛ አገር የባቡር ስሙ ሰዓቱ ነው። በደቂቃው የመጣ ባቡር የራስ ነው፤ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት የወጣውን ጀምበር፣ አንተ ጀምበር ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ወላጆቼን ደግፌ አሳፈርኳቸው። የመስታወት ጣሪያ አላየሁም። አለማየቴንም አስተውያለሁ። «የእኛ ፉርጎ ወደ ፊት ይሆናል፤ ለጊዜው እዚህ ቁጭ በሉ» አልኳቸው፤ ባቡሩም ተነሣ።

ሁለቱ የራይን ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ ስንደርስ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል። የእኛ መንገድ በግራ ነው። ባቡሩ በቀኝ ሄደ።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ትኬታችንን አየችና ፊቷ ላይ ርኅራኄ ታየ። «ይሄኛው እኮ ወደ ዲዘንቲስ ነው የሚሄደው። ዘግይቶ ነው የመጣው። የእናንተ ባቡር ከሌላ መድረክ እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ተነግሮ ነበር። አልሰማችሁም?»

«የአተነፋፈስ ትምህርት ላይ ነበርን» አለ አባቴ።

ኢላንትስ ላይ ወርደን መመለስ እንደምንችል ነግራን አለፈች። እኔ ስልኬን አወጣሁ። እናቴ ግን ተነሣች። የፉርጎው መስኮት የድሮው ዓይነት ነበር፤ ላዩ ላይ ሁለት እጀታ አለው። እጀታዎቹን ጨብጣ በክብደቷ ተንጠለጠለችበትና መስኮቱ ወረደ። ገደሉ ውስጥ ገብተን ነበር። በግራና በቀኝ ነጭ ድንጋይ ቆሟል፣ ከሥር ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይፈላል፤ የእርጥብ ድንጋይና የጥድ ሽታ ያለው ነፋስ ፉርጎው ውስጥ ገባ። እናቴ ራሷን አወጣች። አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛውን ስትጀምር ሳል ያዛት።

ተነሣሁ። ትከሻዋን ይዤ ወደ ውስጥ መለስኳትና መስኮቱን ዘጋሁት። «ብርድ ነው እማዬ» አልኳት። ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት፤ ቋጠርኩትም። እናቴ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዝነኛ ገደል ብትጠይቁኝ የምነግራችሁ የለኝም፤ እስከ ኢላንትስ ድረስ ያየሁት የስልኬን ፊት ነው።

ግን ተሳካልኝ። ወደ ኩር ስንመለስ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው የመስታወት ባቡር ሦስት ወንበር አግኝቻለሁ፤ ያውም አንድ ላይ። ወላጆቼ ጣቢያው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የያዙትን ምሳ ፈትተው ነበር። አባቴ ሰርቬላ የምንለውን አጭር ቋሊማ በኪስ ቢላው እየቆረጠ ሰናፍጭ ይቀባል፣ እናቴ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች። ፊታቸው ቆሜ የምሥራቹን ነገርኳቸው። ማንም ቀና አላለም።

እናቴ እንቁላሉን ልጣ ጨረሰች። «ሬጉላ፣ አንቺ ሂጂበት» አለችኝ።

«በምኑ?»

«በመስታወቱ ሂጂ። እኔና ኖልዲ በተራው እንመጣለን።»

«እማዬ፣ ቦታ ተይዟል እኮ።»

«ለዚያ ነው የምትልሽ» አለ አባቴ። «ሰው ይቀመጥበት እንጂ።»

«ሳመዳን ላይ ባቡር መቀየር አለባችሁ። መድረኩ ቢቀየርስ?»

«ድምፅ ማጉያውን እንሰማለን» አለ። «አስተማሪ ከሌለ ይሰማል።»

ለመሳቅ ሞከርኩ። እናቴ አልሳቀችም። እንቁላሉን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«መስኮቱን ዘጋሽብኝ» አለችኝ።

«ብርድ ስለነበረ ነዋ እማዬ።»

«ብርድ መሆኑን አላጣሁትም ልጄ። ብርዱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ይህን ሰምቶ የያዘውን ቦታ ይተወዋል፣ ሄዶም አጠገቧ ይቀመጣል። እኔ በመስታወቱ ባቡር ሄድኩ። በከፊል አኩርፌ ነው። በከፊል ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በስም የተያዘ ወንበር ባዶውን ሲሄድ ማሰብ ስላልቻልኩ ነው። ከኩር ስነሣ በመስታወቱ እጄን አወዛወዝኩላቸው። አባቴ ቢላውን ከፍ አድርጎ መለሰልኝ።

ከፊቴ ሁለት ባዶ ወንበር ነበር። ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ጎብኚ መጥቶ «ሰው አለበት?» አለኝ።

«አለበት» አልኩት።

ቆይቶ ተመልሶ መጣና ባዶውን ወንበር አየ፤ እኔንም አየኝ። «ሰዎቹ በኋላ ነው የሚመጡት?»

«ከኋላችን ባለው ባቡር» አልኩት። ከዚያ በኋላ ማንም አላስቸገረኝም።

ውስጡ ሞቃት ነበር። ተራራውም በፎቶው ላይ እንዳለው ነበር፣ ጫፉ ሳይቀር። ባቡሩ ትልቁ ድልድይ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነሥቶ መስታወቱ ላይ የታየውን የራሱን ፊት ፎቶ አነሣ። እኔ ለአባቴ «መስኮቱ አጠገብ በጣም አትቆዩ» ብዬ ጻፍኩለት። አባቴ ባትሪው እንዳያልቅበት ብሎ ስልኩን ዘግቶ ነው የሚይዘው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ፖንትሬዚና ቀድሜ ደረስኩ። ሆቴል ሄጄ ሁለት ብርድ ልብስ ተበድሬ ተመለስኩና ጣቢያው ላይ ቆምኩ። ካፊያ ነበር። ከሳመዳን የሚመጣው ትንሹ ባቡር በመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ ከአንዱ መስኮት የሰው ራስ ወጥቷል፤ ሽበቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አፉ ተከፍቷል። ይህችን አሮጊት በዚህ ዝናብ ዝም ብሎ የሚያያት ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው ብዬ ተናደድኩ። ባቡሩ ሲቀርብ እናቴ ሆነች።

ስትወርድ ዓይኗ ያነባል፣ አፍንጫዋ ቲማቲም መስሏል፤ የቋጠርኩላት ሻርፕ የለም። ክንዴን ያዘችና አሳላት፣ ሳቀች፣ እንደገና አሳላት። ብርድ ልብሱን ላለብሳት ስል ተቀበለችኝና ዞራ አባቴን አለበሰችው። ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር።

«ዋሻዎቹ ውስጥ ስታልፉም ከፍታችሁት ነበር?» አልኩት።

«ሁሉም ውስጥ» አለ። «ጥርሴን አላምንም አሁን፤ የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ።»

«ሻርፕሽስ እማዬ?»

«ሄደ» አለችኝ፤ እጇን ወደ ሸለቆው ዘረጋች። እኔም ስለ እራት ሰዓት ነገርኳቸው።

ሳሉ በማግስቱ ለቀቃት። ለሐኪሟ ስለ መስኮቱ ስከስሳት ሳቀና ምንም እንዳልጎዳት ነገረኝ። ቀዶ ሕክምናው በመከር ተደረገ፤ ተከትሎ የመጣውን የበረዶ ወራት ግን አልዘለቀችውም።

ከቀብሩ በኋላ እንግዶቹ ሲሄዱ ከአባቴ ጋር ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረን። ብዙ ነገር አሰናድቼ ነበር ያን ቀን፣ አበባውን፣ መዝሙሩን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ። የማሰናዳው ሲያልቅብኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ መስኮቱ ላይ ሆና ምን አለች?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ያን ሁሉ መንገድ?»

«ነፋሱ መች ያናግራል። ብትናገርም ፊቷ ውጭ ነው፤ አልሰማትም።»

«አንተስ ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔማ የካፖርቷን ቀበቶ ይዤ ነበር» አለ። «ከጀርባዋ። ትወድቃለች ብዬ አይደለም። ብቻ ያዝኩት። ስትስብ ይወጠራል፣ ስታወጣ ይላላል። እስከ ላይ ድረስ እንደዚያ ነው የመጣነው።»

ከዚያ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በጣቶቹ ያሳየኝ ጀመር። ቀስ ብሎ ጨበጠ፣ ፈታ፣ ጨበጠ፣ ፈታ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሳላቋርጠው አየሁት።